ምስጢሬን ይዤ ቴራፒ መጀመር እችላለሁ?



የዛሬውን ርዕስ ኮሜንት ላይ ማንም አይጠይቀንም። በውስጥ መስመር ግን ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስምና ፎቶ ከሌለው አካውንት። ጥያቄው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ «ዶክተር፣ እኔ የምወደው የራሴን ጾታ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሥራ መሥራት አቅቶኛል። ባለሙያ ማናገር እፈልጋለሁ፤ ግን ያለሁት ነቀምቴ ነው። ብናገር ምን ይመጣብኛል?»

በውጭ አገር «አፈርሚንግ» የሚባሉ ቴራፒስቶች አሉ። የሰውን የፍቅር ዝንባሌ እንደ በሽታ ሳያዩ፣ ሳይፈርዱና ልቀይርህ ሳይሉ የሚያክሙ ማለት ነው። እዚያ ሰው ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ቀጠሮ ይይዛል። ነቀምቴ፣ ግምቢ፣ ሻምቡ ወይም ደምቢ ዶሎ ላይ እንዲህ የሚል ታፔላ አታገኙም። አዲስ አበባም ያው ነው። ስለዚህ እዚህ ያለ ሰው ጥያቄው «የት ነው ያሉት?» ሳይሆን «ፊቴ የተቀመጠው ባለሙያ ይህን ነገር ሊሸከም የሚችል መሆኑን እንዴት ልወቅ?» ነው።

የዛሬው መልእክታችን አንድ ነው፦ ሙሉ ታሪካችሁን ሳትናገሩ ሕክምና መጀመር ትችላላችሁ። ምስጢሩን የምትከፍቱት ባለሙያውን ካያችሁት በኋላ፣ በራሳችሁ ጊዜ፣ በራሳችሁ መጠን ነው። ጭራሽ ባትከፍቱትም ለድብርቱና ለጭንቀቱ እርዳታ ማግኘት መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ይህ ጽሑፍ የሃይማኖት ክርክር አይደለም። የታመመ ሰው እንዴት በደህና ሐኪም ዘንድ ይድረስ የሚል የጤና ጽሑፍ ነው።

1. መጀመሪያ፣ ይህ ነገር በሽታ ነው እንዴ?

አይደለም። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራትም እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1990 ባጸደቁት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ እንደ ሕመም አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ መዝገብ ደግሞ፣ ሲወለዱ ከተሰጣቸው የተለየ ጾታ እንዳላቸው የሚሰማቸው ሰዎች ጉዳይም ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ወጥቶ ወደ ጾታዊ ጤና ምዕራፍ ተዛውሯል።

«ታዲያ ይቀየራል ይባል የለ?» ለሚል፣ የዶክተር ሮበርት ስፒትዘርን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ስፒትዘር ታዋቂ አሜሪካዊ ሳይካትሪስት ነበሩ፤ በ1973ቱ ውሳኔ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ተቀይረናል የሚሉ 200 ሰዎችን በስልክ አነጋግረው «አንዳንዶች ሊቀየሩ ይችላሉ» የሚል ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ በዓለም ዙሪያ መቀየሪያ ሕክምና ለሚሸጡ ሰዎች ማስረጃ ሆነ። በ2012 ራሳቸው ስፒትዘር፣ ሰዎቹ የተናገሩት እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ መንገድ እንዳልነበረ አምነው፣ በዚህ የተጎዱትን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። የዓለም ሳይካትሪ ማኅበርም በ2016 ባወጣው መግለጫ፣ ዝንባሌን መቀየር እንደሚቻል የሚያሳይ አስተማማኝ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሌለና እንዲህ ያለው «ሕክምና» ሊጎዳ እንደሚችል ተናግሯል።

2. በሽታ ካልሆነ ለምኑ ነው የምታከመው?

ለድብርቱ፣ ለጭንቀቱ፣ ለእንቅልፍ ማጣቱ፣ አንዳንዴም ለመጠጡና ለጫቱ።

ቀኑን ሙሉ ራስን መጠበቅ ያደክማል። ስልክ ድምፅ ባሰማ ቁጥር መደንገጥ አለ። «መቼ ነው የምታገባው?» «አንቺን መቼ ነው የምንድርሽ?» ሲባል መልስ መፍጠር አለ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው፣ ሥራ ቦታ ሌላ ሰው መሆን አለ። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል አካልም አእምሮም ይዝላል። ኢላን ማየር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 በሰፊው ያብራሩት ይህንኑ ነው፤ ሰውን የሚያሳምመው ዝንባሌው ሳይሆን መገለሉ፣ መደበቁና «ሊታወቅብኝ ነው» የሚለው የዘወትር ስጋት ነው።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ይህን አጥፋልኝ» ለማለት አይደለም። «ተጨንቄያለሁ፣ መኖር ከብዶኛል» ለማለት ነው። ይህ ደግሞ በደንብ የሚታወቅ፣ ሕክምና ያለው ችግር ነው። ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ነገሮች ሁሉ ማስጠላት፣ እንቅልፍና ምግብ መዛባት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ሥራና ትምህርት ካስተጓጎለ አትጠብቁ።

3. ማን ጋር ነው የምሄደው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

• ሳይካትሪስት፦ ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ዶክተር ነው። መድኃኒት ያዛል።
• የአእምሮ ጤና ስፔሻሊስትና የሳይካትሪ ነርስ፦ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች መጀመሪያ የምታገኙት እነዚህን ነው። ብዙዎቹ ጥሩ ልምድ አላቸው።
• ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት፦ መድኃኒት አያዝም፤ በንግግር ሕክምና፣ ማለትም በቴራፒ ይሠራል።
• የምክር አገልግሎት ባለሙያ ወይም ካውንስለር፦ የሥልጠናው ደረጃ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ጠይቁ።
• «ላይፍ ኮች»ና አነቃቂ ተናጋሪ፦ የጤና ባለሙያ አይደለም። የምስጢር ግዴታውም እንደ ሐኪም አይደለም። ይህን ጉዳይ ለእሱ አትንገሩ።

የሙያ ፈቃድ መጠየቅ ነውር አይደለም። «የት ተማሩ? ፈቃድዎ በምን ሙያ ነው?» ብሎ መጠየቅ የታካሚ መብት ነው፤ ደህና ባለሙያ በዚህ አይቆጣም።

መድኃኒት ከታዘዘላችሁም አትደንግጡ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች የሚታዘዙት ለድብርቱና ለጭንቀቱ ነው፤ የፍቅር ዝንባሌን የሚቀይር መድኃኒት የለም። ውጤታቸው እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በ5ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት፤ ሲሻላችሁም በራሳችሁ ጊዜ በድንገት አታቋርጡት።

4. እዚሁ ነቀምቴ ልታከም ወይስ ወጣ ልበል?

ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው።

ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለመመላለስ ይመቻል። ችግሩን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ ካርድ ክፍል የምትሠራዋ የአክስት ልጅ፣ ወረፋ ላይ የምታገኙት የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ስም በጩኸት የሚጠራበት ኮሪደር። ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ ካሉ ቀበሌዎች የሚመጣ ሰው ደግሞ «ከተማ ምን ልትሠራ ሄድክ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ራቅ ማለት ለፈለገ በበደሌ በኩል ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አለ። አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ዘውዲቱ ሆስፒታልና የግል የሳይካትሪ ክሊኒኮች አሉ። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ቀን መንገድ፣ ትራንስፖርትና አልጋ፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲታወክ ደግሞ ጭራሽ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ቴራፒ በየሳምንቱ ወይም በየ15 ቀኑ ስለሆነ በዚህ መልኩ መመላለስ ለብዙ ሰው አይዘልቅም።

ለብዙዎች የሚሠራው መካከለኛ መንገድ ነው። ለድብርቱና ለመድኃኒቱ ክትትል እዚሁ መታከም፤ ጥልቁን ንግግር ደግሞ አንድ ጊዜ በአካል ካገኙት ከሌላ ከተማ ባለሙያ ጋር በስልክ መቀጠል። ለነቀምቴው ሐኪም «እንቅልፍ የለኝም፣ ቤተሰብ ስለ ትዳር ያስጨንቀኛል፣ ደስታ አጥቻለሁ» ማለት ለመታከም በቂ ነው። ውሸት አልተናገራችሁም፤ ያልደረሰበትን ብቻ አልከፈታችሁም።

5. ምስጢሬ ይጠበቃል? ሕጉስ?

ይህን ሳንሸፋፍን እንነጋገር።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት ተመሳሳይ ጾታ ካለው ሰው ጋር የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 630 በተዘረዘሩት ከባድ ሁኔታዎች ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። አንድ ስሜት አለኝ ማለት፣ ስለ እሱ መጨነቅ፣ ሐኪም ማማከር በዚህ አንቀጽ ወንጀል ተብሎ አልተቀመጠም። ስለዚህ ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ስለሚሰማችሁ ነገር ተናገሩ፤ ማን፣ የት፣ መቼ የሚል ዝርዝር ለሕክምናው አስፈላጊ አይደለም። የሌላን ሰው ሙሉ ስም ጭራሽ አትጥሩ።

በሌላ በኩል የዚያው ሕግ አንቀጽ 399 ሐኪሞችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር እንዳያወጡ ይከለክላል፤ ካወጡ በተጎጂው አቤቱታ ይቀጣሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል።

ምስጢር የማይጠበቅባቸው ጊዜዎችም አሉ፤ ራሳችሁን ወይም ሌላን ሰው ለመግደል ከተቃረባችሁ፣ ሕፃን ልጅ እየተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ወላጅ መጠራቱ ስለሚመጣ፣ «ለቤተሰቤ ምን ይነገራል?» ብላችሁ ምንም ከመናገራችሁ በፊት ጠይቁ።

ወረቀት ላይ ያለ ሕግ ብቻውን ግን ሰውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 አዲስ አበባ ላይ በሆቴሎችና መሰል ቤቶች ቁጥጥር ተጀምሮ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ተጠይቆ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ ብዙዎች ተደብድበዋል፣ ከቤታቸው ሸሽተዋል። ስለዚህ የሚሰማችሁ ፍርሃት የሕመም ምልክት ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ ምክንያት አለው። «ዝም ብለህ ግልጽ ሁን» የሚል ምክር እዚህ አገር ላለ ሰው አደገኛ ነው።

6. ባለሙያውን እንዴት ልፈትነው?

ሦስት ደረጃ አለው።

ደረጃ አንድ፣ በስልክ። ስማችሁን ሳትናገሩ ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

• «የምነግርዎትን ነገር ከእርስዎ ሌላ ማን ያየዋል? ማስታወሻው የት ነው የሚቀመጠው?»
• «ታካሚ በእምነት ወይም በአኗኗር ከእርስዎ ጋር ባይስማማ ምን ያደርጋሉ?»
• «ቤተሰብ የማይቀበለው የፍቅር ግንኙነት ያለው ሰው አክመው ያውቃሉ?»

ሦስተኛው ጥያቄ ምንም አያጋልጣችሁም። በሃይማኖት የማይመሳሰሉ ጥንዶችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። መልሱ ግን ብዙ ይናገራል። «የእኔ ሥራ መፍረድ አይደለም፤ እርስዎ የሚፈልጉትን አብረን እናያለን» ካለ ቀጠሮ ያዙ። «ቤተሰብን ማሳዘን ጥሩ አይደለም፣ መጀመሪያ እሱን እናስተካክላለን» ካለ አመስግናችሁ ዝጉ።

ደረጃ ሁለት፣ ከአንድ ሁለት ቀጠሮ በኋላ። ስለ ራሳችሁ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር አንስታችሁ ፊቱን ተመልከቱ። ለምሳሌ «ስለ ዝንባሌ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታ አይደለም ይላል ሲባል ሰማሁ፤ እርስዎ እንዴት ያዩታል?» በእርጋታ የሚያስረዳ አለ፤ የሚቆጣም አለ። የሚቆጣው ላይ አትቆዩ።

ደረጃ ሦስት፣ ግማሹን መክፈት። «ትዳር አልፈልግም። ምክንያቱን ለመናገር ገና አልተዘጋጀሁም» በሉ። ጥሩ ባለሙያ «በፈለጉ ጊዜ» ብሎ ይተወዋል። የሚጎተጉት፣ የሚገምት፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ሠርተሽ ነው?» የሚል ከሆነ እዚያው ላይ አቁሙ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር እንበል። በአማርኛም በኦሮምኛም ስለ ሌላ ሰው ስናወራ ግሱ ጾታውን ያወጣዋል፤ «ደወለ» ወይም «ደወለች» ማለት ግድ ነው። ገና ያልተማመናችሁ ከሆነ «እኛ» በሉ፦ «ተጣላን»፣ «አንነጋገርም»፣ «ተራርቀናል»። «እኛ» ጾታ የለውም። የልባችሁን በየትኛው ቋንቋ እንደምታወጡትም አስቡ። ቤት ኦሮምኛ ለሚናገር ሰው በአማርኛ ማልቀስ ሊከብድ ይችላል፤ ለሌላው ደግሞ ርቀት ያለው ቋንቋ ያቀልለታል። ባለሙያው የቱን እንደሚችል በስልክ ጠይቁ።

7. የመጀመሪያው ቀን ምን ይጠብቀኛል?

ሶፋ ላይ ተጋድሞ ማልቀስ የፊልም ነገር ነው። በተግባር ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት የሚወስድ ጭውውት ነው። ስለ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ፣ ጫትና መጠጥ፣ በቤተሰብ ስላለ የአእምሮ ሕመም፣ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ትጠየቃላችሁ። የመጨረሻውን ጥያቄ በሐቅ መልሱ፤ ሐሳቡ መጣ ማለት እብደት አይደለም።

ስለ ትዳርና ፍቅር ሲጠየቅ «ይህን ለጊዜው ልዝለለው» ማለት ይቻላል። መጨረሻ ላይ እናንተም ጠይቁ፦ «ምን ይመስልዎታል? ዕቅዱ ምንድን ነው? ስንት ጊዜ እንገናኛለን?» ብዙ የንግግር ሕክምናዎች ከ8 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳሉ። በአንድ ቀን የሚፈውስ የለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ ካልተመቻችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ ባለሙያን መቀየር ይሉኝታ አያስፈልገውም።

8. ካርዱ፣ ደረሰኙ፣ ስልኩ

ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሐኪሙ አፍ አይደለም፤ በወረቀትና በስልክ ነው።

• ካርድ፦ «ዶክተር፣ ይህን ነገር ካርዱ ላይ አይጻፉልኝ፤ ጭንቀት ወይም ድብርት የሚለው ይበቃል» ማለት ትችላላችሁ። ለሕክምናው የግድ ያልሆነ ዝርዝር መጻፍ የለበትም።
• ሪፈር ወረቀት፦ ከመውሰዳችሁ በፊት ምን እንደተጻፈ ጠይቁ።
• ደረሰኝ፦ መሥሪያ ቤታችሁ የሕክምና ወጪ የሚመልስ ከሆነ ደረሰኙ የሰው ኃይል ክፍል ይገባል፣ የክሊኒኩ ስም አለበት። ካልፈለጋችሁ ከኪሳችሁ ክፈሉ።
• ቴሌብር፦ ከፍላችሁ ስትጨርሱ የተቀባዩ ስም ያለበት መልእክት ይመጣል። ስልካችሁን ቤተሰብ የሚነካው ከሆነ በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ።
• ስልክ፦ መልእክት ሲገባ ጽሑፉ በተቆለፈ ስክሪን ላይ እንዳይታይ ሴቲንግ ውስጥ አጥፉት። ቴሌግራም ላይ የተለየ የይለፍ ቁጥር አድርጉ። የቀጠሮ ማስታወሻ «የጥርስ ሐኪም» ቢባል ማንንም አይጎዳም።
• ዋጋ፦ ከመሄዳችሁ በፊት «ካርድ ስንት ነው? አንድ ቀጠሮስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ የግል ባለሙያዎች ለተማሪና አቅም ለሌለው ይቀንሳሉ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

9. በኦንላይን ቢሆንስ?

ለብዙ ሰው የተሻለው አማራጭ ይህ ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ነገር አስቡ።

አንደኛ፣ የምታወሩበት ቦታ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከእህት ወንድም ጋር የሚኖር ሰው ድምፁን የት ያደርገዋል? ኢርፎን አድርጎ ከሰው ራቅ ብሎ እየተራመዱ ማውራት፣ ቤት ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት መምረጥ፣ ከባድ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ መነጋገር ይቻላል። ካፌ ውስጥ አታውሩ።

ሁለተኛ፣ ኔትወርክ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ወለጋ ያለ ሰው አይረሳውም። ከባለሙያው ጋር አስቀድማችሁ «መስመር ቢጠፋ ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ ተስማሙ፤ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ አንድ የቅርብ ጤና ተቋም ይኑራችሁ።

ሦስተኛ፣ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ። ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ቴራፒስቶች አሉ፤ ነገር ግን ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ስለሆነ ሌላ አገር ያለን ሰው ለማከም የማይፈቀድላቸው አሉ። በግልጽ ጠይቁ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ «ካውንስለር ነኝ» ብሎ በራሱ መልእክት የሚልክላችሁን ሰው አትመኑ። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የሥራ ቦታ፣ የጓደኛ ስም የሚጠይቅ ሰው ባለሙያ አይደለም፤ ነገ በዚያው አስፈራርቶ ገንዘብ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ይህ ከገጠማችሁ አትክፈሉ፤ አንዴ የተከፈለው ተመልሶ ይመጣል። መልእክቱን አስቀምጡ፣ አካውንቱን ብሎክ አድርጉ፣ የምታምኑት ጠበቃ አማክሩ።

10. «ተነስቼ ልውጣ» የሚያስብሉ ምልክቶች

• «ከዚህ አድንሃለሁ፣ በዚህን ያህል ጊዜ ትቀየራለህ» ካለ።
• ያለ ፈቃዳችሁ ቤተሰብ ወይም የሃይማኖት አባት ልጥራ ካለ።
• «አግባ፣ ይለቅሃል» ካለ። ይህ ምክር ሁለት ሰው ይጎዳል፤ ምንም የማታውቀዋን ልጅ ጭምር።
• የወሲብ ዝርዝር ደጋግሞ ከጠየቀ፣ ወይም ያለ ምክንያት ሰውነታችሁን ልመርምር ካለ።
• መደብደብ፣ ማሰር፣ ማስራብ እንደ ሕክምና ከቀረበ። ይህ ሕክምና አይደለም፤ ጉዳት ነው።

ጸሎት፣ ጸበልና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለብዙ ሰው ብርታት ናቸው። ቴራፒ ለመጀመር እምነትን መተው አያስፈልግም፤ እምነታችሁን ተዉ የሚል ቴራፒስትም ልክ አይደለም። መለያው መስመር ፈቃድ ነው፤ ወዳችሁ የሄዳችሁበትና ተጎትታችሁ የሄዳችሁበት አንድ አይደለም።

11. ሐሳቡ ከከበደ

«ብሞት ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ከመጣ፣ በተለይ መንገዱንና ቀኑን ማሰብ ከጀመራችሁ፣ ዛሬውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ምክንያቱን መናገር አይጠበቅባችሁም። «ራሴን ልጎዳ ነው ብዬ ፈራሁ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የተባይ መድኃኒት፣ የአይጥ መርዝና የተከማቸ ክኒን ከቤት እንዲወጣ አድርጉ፤ እንዲህ ያለው ሐሳብ እንደ ማዕበል ይነሳል፣ ደግሞም ይበርዳል። በዚያች ሰዓት መርዙ እጃችሁ ላይ አለመኖሩ ነፍስ ያድናል። አንድ ሰው አብሯችሁ ይደር።

12. ይህን የምታነቡ ወላጆች ካላችሁ

ልጃችሁ ይህን ከነገራችሁ ወይም ከደረሳችሁበት፣ ቁጣው የሚበርደው ቆይቶ ነው፤ የተነገረው ቃል ግን አይመለስም። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በወጣቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ቤተሰባቸው በጣም የገፋቸው ወጣቶች ካልተገፉት ወይም ብዙም ካልተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት ዕድል ከ8 ጊዜ በላይ መሆኑን አሳይቷል። አገሩ ይለያይ እንጂ የልጅ ልብ ያው ነው።

ሁሉን ነገር ዛሬ መረዳት ወይም መቀበል አይጠበቅባችሁም። ከቤት አታባርሩ፣ አትደብድቡ፣ ለዘመድ አትንገሩ። «ገና አልገባኝም፤ ግን ልጄ ነህ» ማለት ከቻላችሁ ለዛሬ ትልቅ ነገር ሠርታችኋል።

ባጭሩ፦ ሕመሙን ተናገሩ፣ ባለሙያውን በትንሽ በትንሹ ፈትኑ፣ ምስጢሩን ለሚሸከም ብቻ ክፈቱ። ቁልፉ በእናንተ እጅ ነው።

የመጨረሻ ማሳሰቢያ፦ ብዙ ጊዜ «ላይክና ሼር አድርጉ» እንላችኋለን። ዛሬ ግን ለራሳችሁ የሚያሰጋ ከሆነ ላይክም ሼርም አታድርጉ፤ አንብባችሁ እለፉ። ኮሜንት ላይ ስለ ራሳችሁም ሆነ ስለ ምታውቁት ሰው ምንም አትጻፉ፤ የሰው ስም የተጠቀሰበትን ኮሜንት እናጠፋለን። በውስጥ መስመር የምትጽፉልንም ስምና መሥሪያ ቤት አያስፈልገንም፤ ምን ያህል ጊዜ እንቅልፍ እንዳጣችሁ ብትነግሩን ይበቃል።